የማይለቅ የተረከዝ ሕመም፤ ማሽኑ ምን ይሠራል? ምንስ አይሠራም?



ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ወር የምንነጋገረው ብዙዎቻችሁ፣ በተለይም ዕድሜያችሁ ከ40 ያለፈና ቀኑን ሙሉ ቆማችሁ የምትውሉ፣ በደንብ ስለምታውቁት ሕመም ነው። ለፈጅር ሶላት ተነስታችሁ እግራችሁ መሬት ሲነካ ተረከዛችሁን እንደ ሚስማር ይወጋችኋል። ግድግዳ ይዛችሁ ወደ ውዱእ ትሄዳላችሁ። ጥቂት ከተራመዳችሁ በኋላ ቀለል ይላል። ቁጭ ብላችሁ ስትነሱ ወይም ከቆማችሁበት ሥራ ወደ ማታ ስትመለሱ ደግሞ እንደገና ይመጣል። ይህ ሁኔታ ወራት ሲቆይ ሰው ተስፋ ይቆርጣል።

በመድኃኒት ቤት ሥራዬ ለዚህ ሕመም ከሁሉ በላይ ስጠየቅ የኖርኩት ዳይክሎፌናክ ነበር። አሁን አሁን ግን ሌላ ጥያቄ ተጨምሯል። «በማሽን ይድናል ይባላል፣ እውነት ነው? ገንዘቤን ላውጣ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ምክንያቱም ገንዘቡ የአንድ እንጀራ ጋጋሪ እናት የወራት ቁጠባ ሊሆን ይችላል። ዓረብ አገር በሰው ቤት ሴራሚክ ላይ ከጠዋት እስከ ሌሊት ቆማ የምትሠራ እህትም ደመወዟን የምታወጣበት ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ይገባታል።

ሕመሙ ከየት ይመጣል?

ከተረከዝ አጥንት ተነስቶ እስከ እግር ጣቶች ሥር የሚዘረጋ ጠንካራ የጅማት ንጣፍ አለ። ሐኪሞች ፕላንታር ፋሻ ይሉታል። የውስጥ እግራችንን ጎድጓዳ ቅርጽ ወጥሮ የሚይዘው እሱ ነው። ስንቆም የሰውነታችን ክብደት ይለጥጠዋል፤ ስንራመድ ጣቶቻችን ወደ ላይ በታጠፉ ቁጥር ደግሞ እንደ ገመድ ይወጠራል። ከመጠን በላይ ሲሠራ ተረከዙ ላይ በተያያዘበት ቦታ በጣም ጥቃቅን የሆኑ መሰንጠቆች ይፈጠሩበታል። ሌሊት ስንተኛ እግራችን ወደ ታች ስለሚዘረጋ ጅማቱ ተሸብሽቦ ያድራል፤ ጠዋት በመጀመሪያው እርምጃ በድንገት ሲለጠጥ ያ የምታውቁት ውጋት ይመጣል።

የሰውነት ክብደት መጨመር፣ የባት ጡንቻ መጠንከር፣ የእግር ጠፍጣፋነት ወይም ከልክ ያለፈ ጎድጓዳነት፣ በሲሚንቶና በሴራሚክ ወለል ላይ ባዶ እግር መዋል፣ ሶሉ ያለቀ ነጠላ ጫማ፣ እነዚህ ሁሉ ያባብሱታል።

ሶላት ላይም ስሜቱ የሚታወቅበት ቦታ አለ። ለተሸሁድ ስንቀመጥ ቀኝ እግራችንን አቁመን ጣቶቹን ወደ ቂብላ እናጥፋለን። በዚህ ጊዜ ጅማቱ ሙሉ በሙሉ ይወጠራል። ስለዚህ ሕመሙ ያለበት ሰው በዚያች ቅጽበት ቢያመው የሚያስደንቅ አይደለም። ጤነኛ ለሆነ እግር ይህ አቀማመጥ ጥሩ ማሳሳቢያ ነው፤ በጣም ለሚያመው ግን ሸሪዓችን ለሕመምተኛ ያገራው ነገር አለና፣ እግሩን በሚመቸው ሁኔታ አድርጎ ይቀመጥ። የአቀማመጡ አኳኋን ሱና እንደሆነ ዑለማዎች ያስተምራሉ፤ ዝርዝሩን በየመስጊዳችሁ ያሉትን ዓሊሞች ጠይቁ።

አንድ ነገር ላይ ብዙዎች ይደነግጣሉ። ራጅ ተነስተው «ተረከዝህ ላይ አጥንት በቅሏል» ሲባሉ ነው። ይህ የበቀለ አጥንት ምንም ሕመም በሌላቸው ብዙ ሰዎች ላይም በራጅ ይታያል። በአብዛኛው የሕመሙ ምክንያት እሱ ሳይሆን የጅማቱ መጎዳት ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ ማሽኑ ስንመጣ ይጠቅመናል።

ሌላ በሽታ እንዳይሆን

ሁሉም የተረከዝ ሕመም የጅማት ሕመም አይደለም። በማሽንም ሆነ በሌላ ነገር ከመታከም በፊት መለየት ያስፈልጋል። ሕመሙ መውጋት ሳይሆን ማቃጠል፣ መደንዘዝና ጉንዳን እንደሚሄድበት ዓይነት ስሜት ከሆነ ነርቭ ሊሆን ይችላል፤ የስኳር በሽታ ምርመራ ይደረግ። ተረከዙን ከግራና ከቀኝ በእጅ ስንጨምቀው ክፉኛ የሚያም ከሆነ አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ወጣት ሆኖ ሁለቱም ተረከዞቹ የሚያሙትና ጠዋት ወገቡ ተሳስሮ የሚነሳ ሰው የመገጣጠሚያ በሽታ እንዳይኖርበት መታየት አለበት። ትኩሳት፣ እብጠት፣ ተኝተውም የማያስተኛ ሕመም ካለ ጊዜ ሳይሰጡ ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

ከመድኃኒት ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ልጨምር። ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለውን ለሽንት ቧንቧና ለተቅማጥ የሚታዘዝ ፀረ ተሕዋስያን እየወሰዳችሁ ከተረከዛችሁ በስተኋላ፣ ወፍራሙ ጅማት ላይ ሕመም ከጀመራችሁ መድኃኒቱን አቁማችሁ በዚያው ቀን ለሐኪማችሁ ንገሩ። ይህ መድኃኒት አልፎ አልፎ ያንን ጅማት እስከ መበጠስ ሊያደርስ ይችላል። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ በሆኑና እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት በሚወስዱ ሰዎች ላይ አደጋው ከፍ ይላል።

ሾክ ዌቭ

ከማሽኖቹ ሁሉ ስሙ የገነነው ይህ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ከኩላሊት ጠጠር ነው። ዶርኒየር የተባለው የጀርመን አውሮፕላን ሠሪ ኩባንያ ስለ ኃይለኛ የግፊት ሞገዶች ያካበተውን ዕውቀት ሐኪሞች ተጠቅመውበት እ.ኤ.አ. በ1980 ሙኒክ ከተማ ውስጥ የአንድን ሕመምተኛ የኩላሊት ጠጠር ያለ ቀዶ ጥገና ከውጭ በሞገድ ሰባበሩ። በኋላም ኃይሉ ተቀንሶ ለጅማትና ለአጥንት ሕመም መሞከር ተጀመረ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ለማይለቅ የተረከዝ ሕመም የመጀመሪያውን ማሽን የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። በአገራችንም አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ሕክምና የሚሰጡ የግል ክሊኒኮች አሉ።

እዚህ ላይ ነው ስሕተቱ የሚፈጠረው። ጠጠር የሚሰብር ማሽን ስለሆነ ሰዎች «የበቀለውን አጥንት ይፈጭልኛል» ብለው ያስባሉ። አይፈጭም። ሥራውም ያ አይደለም። ማሽኑ በቆዳ ላይ ተደግፎ በሴኮንድ ብዙ ጊዜ የሚመታ የግፊት ሞገድ ወደ ጅማቱ ይልካል። ይህ ምት የሕመም ነርቮችን ያደነዝዛል፤ የደከመውን ጅማትም ደም እንዲያገኝና የመጠገን ሥራውን እንደገና እንዲጀምር ይቀሰቅሰዋል። ከሕክምናው በኋላ ራጅ ብትነሱ አጥንቱ እዚያው ሊታይ ይችላል፤ ሕመሙ ግን ሄዶ ሊሆን ይችላል።

ማሽኑ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሞገዱን ልክ በማጉያ መነጽር ፀሐይን እንደምንሰበስበው በአንድ ጥልቅ ነጥብ ላይ ይሰበስባል። ሁለተኛው በታመቀ አየር የምትገፋ ትንሽ ብረት የእጀታውን ጫፍ ስትመታ የሚፈጠረውን ግፊት ከቆዳ ጀምሮ ይበትናል፤ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ይደክማል። ዋጋው ቀለል ስለሚል በክሊኒኮች በብዛት የሚገኘው ይኸኛው ነው። ለተረከዝ ሁለቱም ያገለግላሉ።

በተለመደው አሠራር ሕክምናው በሳምንት አንድ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ጊዜ ይሰጣል፤ በአንድ ጊዜ 2000 ያህል ምት ይመታል፤ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። ያማል። ባለሙያው በዝቅተኛ ኃይል ጀምሮ እናንተ በምትችሉት መጠን ያሳድገዋል። ሕመሙን ለመሸሽ የማደንዘዣ መርፌ ውጉኝ ማለት አይገባም፤ ማደንዘዣ ሲወጋ ውጤቱ እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ከሕክምናው በኋላ ቦታው ሊቀላ፣ ሊበልዝ ወይም ለአንድ ሁለት ቀን ሊያም ይችላል። ውጤቱ የሚለካው ደግሞ በማግሥቱ ሳይሆን ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። «ሦስት ጊዜ ተደርጎልኝ ምንም አልሆነልኝም» ብሎ በሳምንቱ ማማረር ፍሬ ሳያፈራ ዛፉን እንደ መቁረጥ ነው።

ታዲያ በእርግጥ ይሠራል? እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2003 የታተሙ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች፣ አንዱ የአውስትራሊያ ሌላው የጀርመን፣ ከማስመሰያ ማሽን የተሻለ ጥቅም አላገኙበትም። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ሌላ ጥናት ግን በየትኛውም ሌላ ሕክምና ያልተሻላቸውን 245 ያህል ሰዎች ለሁለት ከፍሎ ሲያያቸው፣ ከ12 ሳምንት በኋላ እውነተኛው ማሽን ከተደረገላቸው 61 በመቶዎቹ፣ ማስመሰያው ከተደረገላቸው ደግሞ 42 በመቶዎቹ ተሽሏቸዋል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አብራችሁ ተመልከቱ። ማሽኑ ጥቅም አለው። ነገር ግን ምንም ያልተደረገላቸው ሰዎችም ከመቶ 42ቱ ተሽሏቸዋል! ጎረቤታችሁ «ማሽኑ አዳነኝ» ስትላችሁ እውነቷን ሊሆን ይችላል፤ ጊዜው አድኗትም ሊሆን ይችላል። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2009 ሕክምናው ለደኅንነት የሚያሰጋ ትልቅ ነገር እንደሌለው፣ ስለ ውጤታማነቱ ግን ማስረጃው ወጥ እንዳልሆነ ጽፏል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ሚዛኑ ወደ ጥቅሙ ያዘነብላል። እኔ እንደማየው ለ6 ወር ያህል የሚገባውን ሁሉ አድርጎ ላልተሻለው ሰው ከቀዶ ጥገና በፊት ሊሞከር የሚገባው ነው። ሕመሙ በጀመረ በ3ኛው ሳምንት ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

ለነፍሰ ጡር፣ ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስድና የደም መርጋት ችግር ላለበት፣ ቦታው ላይ ቁስል፣ ኢንፌክሽን ወይም ዕጢ ላለበት፣ አጥንቱ እያደገ ላለ ልጅ ይህ ሕክምና አይሰጥም። ልብ ውስጥ የተገጠመ ማሽን ያለው ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ ይናገር። ተረከዙ ላይ የኮርቲዞን መርፌ የተወጋም ቢያንስ 6 ሳምንት ይቆይ።

ሌሎቹ ማሽኖች

በፊዚዮቴራፒ ክፍሎች በብዛት የሚገኘው አልትራሳውንድ ነው። እርግዝና የሚታይበት አይደለም፤ በጄል ተቀብቶ ቦታው ላይ የሚሽከረከር፣ በድምፅ ሞገድ ውስጡን የሚያሞቅ ነው። ለተረከዝ ሕመም ያለው ማስረጃ ደካማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በእንግሊዝ አገር የታተመ አነስተኛ ጥናት ከጠፋ ማሽን የተለየ ውጤት አላገኘበትም። ሌዘር የሚባለው፣ አነስተኛ ኃይል ያለው ብርሃን፣ ለአጭር ጊዜ ሕመምን እንደሚቀንስ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉት፤ ስትታከሙ የዓይን መከላከያ መነጽር ይሰጣችሁ። ቴንስ የሚባለው በትንሽ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ማሽን ሕመሙን እየሠራ ባለበት ሰዓት ያደበዝዛል፤ ጅማቱን አይጠግንም። መድኃኒትን በኤሌክትሪክ ኃይል በቆዳ ውስጥ የሚያሳልፍ አዮንቶፎሬሲስ የሚባል ዘዴም አለ፤ የሚሰጠው እፎይታ የሳምንታት ነው።

ከዓረብ አገር በሻንጣ የሚመጡት የሚንቀጠቀጡ የእግር ማሳጅ ማሽኖች ድካም ያወጣሉ፤ ደስ ይላሉ፤ ሕክምና ግን አይደሉም። ማግኔት አለው እየተባለ በውድ የሚሸጠውን ሶል በተመለከተ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ውስጥ 100 ያህል ሰዎች ላይ ተሞክሮ ማግኔት ያለውና የሌለው አንድ ሆነው ተገኝተዋል።

የስኳር ሕመምተኞች ሆይ፣ ለእናንተ ለብቻ ልናገር። እግራችሁ ስሜቱ ከቀነሰ ሙቀት የሚሰጥ ማሽን ሲያቃጥላችሁ አታውቁትም። የሙቅ ውሃ መዘፍዘፊያም፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ትኩስ ጨውም እንዲሁ ነው። ሒጃማ በሱና የታወቀ ሕክምና ነው፤ ይሁን እንጂ ስሜት የሌለው የስኳር ሕመምተኛ እግር ላይ ምላጭ ማሳረፍ የማይድን ቁስል ሊከፍት ይችላልና፣ ሐኪማችሁ ሳያውቀው እግራችሁ ላይ እንዳይደረግ።

ከማሽኑ በፊት መደረግ ያለበት

ከ10 ሕመምተኞች 8ቱ ወይም 9ኙ ያለ ቀዶ ጥገና በ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ይሻላቸዋል። ከዚህ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዙት ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች ናቸው።

ለፈጅር ስትነቁ ከአልጋ ሳትወርዱ ቁጭ በሉ። የሚያመውን እግር በሌላኛው ጉልበት ላይ አስቀምጡ። ጣቶቻችሁን በሙሉ በእጃችሁ ይዛችሁ ወደ ቅልጥማችሁ አቅጣጫ ሳቡ። በሌላኛው እጃችሁ ውስጥ እግራችሁን ብትዳስሱ እንደ ክራር ክር የተወጠረ ነገር ታገኛላችሁ፤ ካላገኛችሁ ገና አልሳባችሁም። እስከ 10 ቆጥራችሁ ልቀቁ፤ 10 ጊዜ ድገሙት። በቀን 3 ጊዜ ይደረግ። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት ይህ ማሳሳቢያ ባትን ብቻ ከማሳሳብ የበለጠ እንደጠቀመ አሳይቷል። የባቱም አይቅር፤ ግድግዳ ተደግፋችሁ የሚያመውን እግር ወደ ኋላ፣ ተረከዙን ሳታነሱ።

ሕመሙ በረድ ሲል ጡንቻውን ማጠንከር ይከተላል። ደረጃ ላይ ፎጣ ጠቅልላችሁ ጣቶቻችሁን ከፎጣው ላይ አድርጉ፤ በአንድ እግር በዝግታ ተነሱ፤ ጥቂት ቆዩ፤ በዝግታ ውረዱ። አንድ ቀን እየዘለላችሁ። ማታ ደግሞ ውሃ ሞልታችሁ ያበረዳችሁትን የሃይላንድ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ውስጥ እግራችሁ ሥር ለ10 ደቂቃ አንከባሉ።

ቤት ውስጥ ባዶ እግር አትሁኑ። እኛ ሙስሊሞች ጫማ አውልቀን መግባት ልማዳችን ነው፤ ስለዚህ ለቤት ብቻ የሚሆን፣ ንጹሕና ወፈር ያለ ሶል ያለው ጫማ ይኑራችሁ። ጫማ ውስጥ የሚገባው ሶል ወይም የተረከዝ መደገፊያ ሲሊኮን ጥሩ ነው፤ በእግር ልክ በውድ ከሚሠራው ይልቅ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ተቀራራቢ ጥቅም እንደሚሰጥ ጥናቶች አሳይተዋል፤ በርካሹ ጀምሩ። ስሜት የሌለው እግር ግን በተለየ ጫማ መጠበቅ አለበት፤ አዲስ አበባ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል ለሥጋ ደዌ ሕሙማን እንዲህ ያለ ጫማ በማዘጋጀት የቆየ ልምድ አለው።

ሌሊት እግርን በ90 ዲግሪ ደግፎ የሚይዝ፣ ስፕሊንት የሚባል መሣሪያም አለ። ጅማቱ ተሸብሽቦ እንዳያድር ያደርጋል። የሚጠቅመው በተለይ የጠዋቱ እርምጃ የሚያሠቃየውን ሰው ነው። ምቾት የለውም፤ ብዙዎች በሳምንቱ ይጥሉታል። ከ1 እስከ 3 ወር መታገሥ የሚችል ይጠቀምበት።

ዳይክሎፌናክንና አይቡፕሮፌንን በተመለከተ፣ ለጥቂት ቀናት ከምግብ ጋር ይወሰዱ እንጂ በወራት የሚቆጠሩ አይደሉም። ጨጓራን ያደማሉ፤ ኩላሊትን ይጎዳሉ። ኢናላፕሪልና የሚያሸና የግፊት መድኃኒት አብሮ የሚወስድ ሰው ላይ የኩላሊት ጉዳቱ ይከፋልና ሳይጠይቅ አይግዛ። በረመዳንም በባዶ ሆድ በቴምርና በውሃ ብቻ አይወሰዱም፤ ምግብ ከበላችሁ በኋላ ይሁን። የኮርቲዞን መርፌ ፈጥኖ ያስታግሣል፤ እፎይታው ግን ብዙውን ጊዜ ከሳምንታት አያልፍም። ሲደጋገም የተረከዝን የስብ ትራስ ያሳሳል፤ ጅማቱንም ሊበጥስ ይችላል፤ የስኳር መጠንንም ለቀናት ከፍ ያደርጋል።

ክሊኒክ ስትሄዱ

ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። የመረመረኝ ማን ነው? ሕመሜ የጅማቱ መሆኑ ታውቋል? ማሽኑ ሾክ ዌቭ ነው ወይስ አልትራሳውንድ? ስንት ጊዜ ይደረጋል፣ ጠቅላላ ዋጋውስ? ከማሽኑ ጋር እንቅስቃሴ ታስተምሩኛላችሁ? እንቅስቃሴ ሳያስተምር ማሽን ብቻ የሚያስከፍል ቦታ ላይ እኔ ጥርጣሬ አለኝ። እህቶችም ሴት ባለሙያ እንዳለች መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ የሚገለጠውም ከቁርጭምጭሚት በታች ወይም እስከ ባት ብቻ ነው።

በመጨረሻም ለሐጅና ለዑምራ የምትዘጋጁ። በሰፋና በመርዋ መካከል ያለው 7 ምልልስ ብቻ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ያውም በእብነ በረድ ላይ። ሾክ ዌቭ ውጤቱ በሳምንታት የሚመጣ ስለሆነ ለጉዞ አሥር ቀን ሲቀር ማድረግ ሕመሙን ይዞ መሄድ ነው። ማሽን ካስፈለጋችሁ ከ3 ወይም ከ4 ወር በፊት ጨርሱ። ወንዶች ለኢሕራም የምትገዙትን ነጠላ ጫማ ሶሉ ወፍራምና ለተረከዝ ለስላሳ የሆነውን መርጣችሁ፣ ከመሄዳችሁ ሳምንታት በፊት አገር ቤት እየተራመዳችሁበት አለማምዱት። ሴቶች በኢሕራም ላይ የተለመደ ሽፍን ጫማችሁን ማድረግ ስለምትችሉ ሶላችሁን ከነመደገፊያው ይዛችሁ ሂዱ፤ መስጊድ ውስጥ ለምታደርጉት ወፍራም ካልሲም አትርሱ።